ፈለግና አሠር

ከባህላ ወዲያ፣ ተራራው ሥር፣ በተምር ዛፍ የታጠረች መንደር፤
ፓምፕ ልተክል ነበር የመጣሁት፣ ውሌም የሦስት ወር።
ይኸው አራት ዓመቴ።
አልጋ ሥር ናት ሻንጣዬ፣ ዛሬም አልተፈታም ግማሹ ንብረቴ።

ውሃው ከተራራው ሆድ፣ በጨለማ፣ በድንጋይ ቦይ ይመጣል፤
ማን ቆፈረው? ሽማግሌው ሁሉ የየራሱን አያት ይጠራል።
ፈለጅ ይሉታል።
"ፈለግ" ብዬ ሰማሁት እኔ፤ ጆሮ የለመደውን ያነሣል።
በግዕዝ ወንዝ ነው፣ ባማርኛ ዱካ፤
እነሱ ጋ ደግሞ የሰው እጅ ቦይ ለካ።
የግማሽ ሰዓት ውሃም ስም አለው፦ አሠር።
ይኸም ዱካ ነው፤ አባቶቼ ከቄሱ አፍ የሰሙት ቃል ነበር።
እንዲህ አልፎ አልፎ፣ ከሰው አገር ቃል
የራሴ ቤት ቁልፍ ሲወድቅ ይሰማኛል።

የውሃው ዳኛ ዘህራን ነው፤ አንድ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፤
ቀን የዘንግ ጥላ፣ ሌሊት ኮከብ ነው ሰዓት የሚሆነው።
መጀመሪያ የጠማው ይጠጣል፣ መንገደኛም ቢሆን፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፤
ከዚያ መስጊዱ፣ ከዚያ ሴቶቹ፤
ባለ አትክልቱ፣ ሪያል ቢቆልል፣ መሬት ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ።
አልዋሽም፣ ቀናሁ፤
የኛን ወንዝ ዳር ዱላ አስታወስኩና ዝም አልሁ።

ግን አገሩን መልአክ አላደርገውም።
ፓስፖርቴ ከፊሉ ዘንድ ነው። ከፊል አሠሪ ነው፤ ቃሉም አልሳተም፤
ከፊሌን ይዞታል።
ነሐሴ ላይ ከሱቁ ጥላ ሥር ስቆም፣ ባለሱቁ "ወዲያ" ብሎኛል።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ።
ዙወይና፣ የዘህራን ሚስት፣ ሥጋ እንደማልነካ ስትሰማ
ድስት ለይታ ምስር ትልክልኝ ጀመር።
"ስንት ቀን ነው የናንተ?"
"ሃምሳ አምስት።"
"ያ ረብ! የኛ ይሻላል" አለች ከበሩ ጀርባ፤ ሳቋ ብቻ ነበር የሚሰማኝ የነበር።

በደብረ ዘይት ማግስት ወንድሜ ደወለ፦
"አባባ አረፈ። ትናንት ተቀበረ። አትምጣ" አለ።
ብመጣስ በምን? ከፊሉ ሕንድ ነው ያለው፤
ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ፓምፑን አጠፋሁ። ዝምታው አስፈራኝ፤ መልሼ አበራሁ።
ዘህራን መጣ፤ ማን እንደነገረው እንጃ። "እንባ ጾም አይፈታም" አለኝ። አነባሁ።
"ስሙ ማነው?"
"ድረስ።"
ደጋገመው ባፉ፣ አዲስ ተምር እንደሚቀመስ።

በዚያ ሌሊት ተራው የራሱ ነበር፤ ሁለት አሠር፤
ተምሮቹ ጠምተዋል፣ የቅጠላቸው ጫፍ ሲያር።
በጨርቅና በድንጋይ የእርሻውን አፍ ደፈነው፤
ውሃውን ወደ መንገዱ ገንዳ፣ ወደ ፍየሉ፣ ወደ ወፉ፣ ወደ ላብ አደሩ ለቀቀው።
"አንዱ አሠር ለአባትህ። ሰደቃ ነው። በስሙ ይፈስሳል።"
"አባቴ ክርስቲያን ነው" አልኩት።
"ውሃው ግን ይጠጣል።"
ከዚያ ወደ ጨለማው ቦይ ጎንበስ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
"ድረስ!" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤
ስም የጠራ መስሎት፣ በቋንቋዬ እንዳዘዘ ሳይሰማ።
ገንዳው ተንደቀደቀ። ውሃው ደረሰ፣ በጨለማ።

ፍቺውን ነገርኩት፤ "ድረስ" የሚል የጨነቀው ነው አልኩት።
ብዙ ዝም አለ።
"ታዲያ አባትህን በስሙ የጠራው ሁሉ ችግር ነበረበት።"

አባቴ ባሕር አላየም፤ ከሁለት ወረዳ ወዲያ እግሩ አልዘለቀ፤
ግማሽ ሰዓት ሙሉ በኦማን ድንጋይ ላይ ሮጠ፣ በጨረቃ ደመቀ።
ኮከቡ ከግንቡ ጫፍ ብቅ አለ።
ዘህራን ጨርቁን አነሣ፤ "ያንተ አበቃ፤ አሁን የኔ" አለ።

ጧት የሲልሄቱ ልጅ፣ ረፊቁል፣ በሲሚንቶ የደረቀ ልብሱን ለብሶ
ገንዳው ዳር ቁጭ አለ፤ እግሩን ታጠበ፣ ፊቱንም አብሶ።
ውሃው የማን እንደሆነ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩት፤
ጫማውን እስኪያደርግ ብቻ፣ ፓምፑን ሳላስነሣ ጠበቅሁት።